የአዮን ስፐተሪንግ ጽሑፍ አፈላላጊ ዐቢይ ኮሚቴ

ፈላጊ ያገኛል የሚለው ቃል የተነገረው ኮሚቴ ገና ባልተፈለሰፈበት ዘመን ነው። ስለዚህ ተናጋሪውን አንወቅሰውም። በእኛ ተቋም መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ደርቦ እንዲሠራ መመሪያው አይፈቅድም።

ተቋማችን ሶዶ ውስጥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገኛል። ስሙን አልጠራም፤ ትሑት ስለሆነ በስሙ መመስገን አይወድም። ቤተ መጻሕፍት አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክቶሬት አለው። ዳይሬክቶሬቱ ዳይሬክተር አለው፤ አቶ ማሞ ይባላሉ። መጻሕፍትም አሉት፤ እነሱን የምደረድረው እኔ ነኝ። ስብሰባ የሚደረገው በንባብ አዳራሹ ነው፤ አንባቢ ስለማይበዛበት ይመቻል። ወንበር የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የሰማሁት ወንበር ሳስተካክል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ወር ነው። ሊድያ የምትባል የፊዚክስ ረዳት መምህርት ማመልከቻ ይዛ መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። የጥናቷ ርእስ አዮን ስፐተሪንግ ይባላል። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ጋሽ ዳና፣ እርጥብ ጭቃ ግድግዳ ላይ ጠጠር ቢወረውሩ ምን ይሆናል?"

"ጭቃው ይፈናጠቃል።"

"የተፈናጠቀው የት ያርፋል?"

"ልብሴ ላይ።"

"እሱ ነው። ጠጠሩ አዮን ነው፤ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት። ግድግዳው ብረት ነው። ልብስዎ ላይ ያረፈው ስስ ሽፋን ነው፤ የመነጽር መስታወት የሚለበጠው እንደዚያ ነው። አየር እንዳያደናቅፈው ግን የሚሠራው አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ነው።"

ገባኝ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ዳይሬክተር ብሆን ኖሮ አይገባኝም ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪ መሣሪያው አለው። ለሦስት ወር እንድትሠራበት ፈቅዶላት ነበር። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ነው፤ የጥናቷ ምዕራፍ ሁለት፣ ከእሷ በፊት ሌሎች ሰዎች ስለ ጉዳዩ የጻፉትን የምትመረምርበት ክፍል ማለት ነው፣ በተቋሟ ጸድቆ እስከ ግንቦት ሠላሳ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ቀጣዩ ተራ የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ያልያዘ ረዳት መምህር ደግሞ በእኛ ተቋም ሦስት ዓመት አይጠበቅም፤ ይሰናበታል።

የጠየቀችው አምስት ጽሑፍ ነው። ከአምስቱ አንዱ ዋናው ነበር። አዮን የትኛውን ብረት ሲመታ ስንት ቅንጣት እንደሚፈናጠቅ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያለበት እሱ ነው።

አቶ ማሞ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ቁም ነገር ነው" አሉ። "ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው አይፈለግም።"

"እኔ ራሴ እፈልገዋለሁ አቶ ማሞ። ኢንተርኔቱን ብቻ ያስከፍቱልኝ።"

"አንቺ ጠያቂ ነሽ። ጠያቂ ራሱ ፈላጊ ከሆነ የጥቅም ግጭት ይባላል።"

በሳምንቱ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት አባላት አሉት። ገለልተኛነቱ እንዳይነካ ከፊዚክስ ትምህርት ክፍል አንድም ሰው አልገባበትም። የተቋሙ ዲን ዶክተር ፋኑኤል መክፈቻ ንግግር አደረጉ።

"የጥናት ጽሑፍ የሌለው ተቋም ጣሪያ የሌለው ቤት ነው" አሉ። "ጣሪያ ያለው ቤት ዝናብ አይፈራም። ዝናብ ደግሞ ለአርሶ አደራችን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁላችንም በያለንበት ልንረባረብ ይገባል።"

ተጨበጨበ። ሊድያ አላጨበጨበችም፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሥራ ክፍፍል ላይ ተወያየ። ሊድያ ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠርታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

"ርእሱ ሁለት ቃል ነው" አሉ አቶ ማሞ። "ስለዚህ ሁለት ንዑስ ኮሚቴ ያስፈልገናል። አንደኛው አዮንን ይፈልጋል። ሁለተኛው ስፐተሪንግን ይፈልጋል።"

"አቶ ማሞ፣ አይነጣጠሉም እኮ።"

"ከተገኙ በኋላ እናገናኛቸዋለን ልጄ። አትቸኩዪ።"

ሁለቱ ንዑስ ኮሚቴዎች ለሁለት ወር ደከሙ። የአዮን ንዑስ ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት አዮንን በባትሪ ውስጥ፣ በአፈር ውስጥ፣ በጨው ውስጥና በሰው ላብ ውስጥ ማግኘቱን አስታወቀ። አዮን ከተገመተው በላይ ተስፋፍቶ ስለተገኘ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ። የስፐተሪንግ ንዑስ ኮሚቴ በበኩሉ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ስፐተሪንግ ከአዮን ጋር ተያይዞ እንዳገኘው፣ አዮን ግን የሌላው ንዑስ ኮሚቴ ሥልጣን ስለሆነ እጁን ሳያስገባ እንደተመለሰ ገለጸ። በሰው ሥራ አለመግባት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። ለሁለቱም ምስጋና ተሰጣቸው።

ሊድያ ሰው ከአዳራሹ እስኪወጣ ጠብቃ ወደ አቶ ማሞ ቀረበች።

"የካቲት ገባ እኮ አቶ ማሞ። አንድ ጽሑፍ እንኳ አላየሁም።"

"ችግሩን ለይተናል" አሏት። "የመፈለግ ልምድ የለንም። ልምድ ሳይኖር መፈለግ ሜዳ ላይ መርፌ ከመፈለግ ቢብስ እንጂ አያንስም። ልምድ ልውውጥ እንሄዳለን።"

የሄድነው አረካ ነው። ሄድነው ያልኩት ባነሩን የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔንም ስለወሰዱኝ ነው። አረካ ውስጥ እንሰት ሲመራመር የኖረ አንድ ሰው እንዳለ አቶ ማሞ ሰምተዋል። ተመራማሪው እጁ ላይ ጭቃ ነበረበት፤ ከማሳ መምጣቱ ነው። ስምንት ሰው ከነባነሩ ሲያይ መጀመሪያ የሐዘን ጉዳይ መስሎት ደነገጠ።

"ምን ልርዳችሁ?" አለ።

"የጥናት ጽሑፍ እንዴት እንደምትፈልጉ እንድታሳዩን ነው የመጣነው" አሉ አቶ ማሞ።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?"

"ለጊዜው ልምዱ።"

ሰውዬው ልብ አላለውም ወይም እንዳላለ ሆነ። ርእሱን ጠየቀ። ነገሩት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣና ጻፈ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ይኸው። የኔ ሙያ አይደለም እንጂ አሥራ አንድ ሺህ ጽሑፍ አለ።"

ኮሚቴው ስልኩ ዙሪያ ተሰበሰበ። ከዚያ አቶ ማሞ ከባድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ይህን ያህል ከሆነ የሚፈለገው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"በማንበብ።"

አቶ ማሞ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"ሌላ ዘዴ የለም?"

ሰውዬው ሌላ ዘዴ አልነበረውም። ፎቶ ተነሣን። ስንመለስ ከተማ ውስጥ ቁርጥ በዳጣ ተበላ፤ በዚህ ላይ የኮሚቴው አባላት ከፍተኛ ልምድ ስላላቸው ልውውጥ አላስፈለገም። ቃለ ጉባኤው "ጉብኝቱ ፍሬያማ ነበር፤ አስተናጋጃችን ግን ጥቂት ይቸኩላል" ይላል።

በመጋቢት ሊድያ መጠበቅ ሰለቻት። ከመጋዘኑ በስተጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ የስልክ ኔትወርክ ደህና የሚይዝበት አንድ ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እዚያ ትቆም ጀመር። በአራት ቀን ውስጥ አራቱን ጽሑፍ በነጻ አገኘች። ዋናው ግን ካልተከፈለበት የማይከፈት ነበር። ስለዚህ ለጸሐፊው በቀጥታ ጻፈችለት። ጸሐፊው ሩቅ አገር ያለ ጡረተኛ ነው። በማግስቱ መለሰላት። ጽሑፉን ላከ። አብሮም አንድ ገጽ ማስታወሻ ላከ፤ በሠንጠረዡ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለው ቁጥር ስሕተት ነው፣ በወጣትነቴ ነው የተሳሳትኩት፣ እንደዚህ ብለሽ አርሚው ይላል።

አምስቱንም አሳትማ ይዛ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። መዝገብ ቤት ገባች። አቶ ማሞም እዚያው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ መሰላል ላይ።

"አቶ ማሞ፣ ተገኘ።"

"ምኑ?"

"ጽሑፉ። አምስቱም።"

አቶ ማሞ ክፉ ወሬ እንደሰማ ሰው ተቀመጡ። ኮሚቴው ገና የሦስተኛ ሩብ ዓመት ዕቅዱን እያዘጋጀ ነበር።

"በየት በኩል ገባ?"

"በስልኬ።"

"በስልክ የሚገባው ወሬ ነው። ጽሑፍ የሚገባው በመዝገብ ቤት ነው።"

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። የማኅተሙ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል። ክፉ ሴት አይደሉም። ከዓመታት በፊት አንድ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ተቀብለው መዘዝ አምጥቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማኅተም እንጂ ጽሑፍ አያዩም። ወረቀቱን ተቀብለው መጀመሪያ ጀርባውን አዩ።

"ሸኚ ደብዳቤው የታለ?"

"የለውም እትዬ። ጸሐፊው ራሱ ነው የላከልኝ።"

"ማኅተሙስ?"

"የጥናት ጽሑፍ ማኅተም አይደረግበትም።"

"እንግዲያ እሱ መጻፉን በምን አውቃለሁ?"

"ስሙ አለበት። ይኸው፣ ከላይ።"

"የኔንም ስም ከላይ መጻፍ ይቻላል።"

"ይቻላል" አሉ አቶ ማሞ፤ ፊታቸው ተመለሰ። "ይህ ከባድ ነጥብ ነው። ኮሚቴው ሊያየው ይገባል።"

ኮሚቴው አየው። አራቱን ጽሑፍ ከነሱ በላይ የሆነ ጉዳይ ስለመጣ ወደ ጎን አደረገ። ስለ አምስተኛው አንድ ቀን ሙሉ ተወያየ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ጸሐፊ ነኝ ባዩ ግለሰብ ጽሑፉን በእርግጥ የጻፈው እሱ ስለመሆኑ ከሚኖርበት ቀበሌ ክብ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ያቅርብ። አቶ ማሞ ደብዳቤውን አረቀቁ። ሊድያ ተርጉማ እንድትልክ ታዘዘች። ስትተረጉም አጠገቧ ነበርኩ። "ቀበሌ" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጋሽ ዳና፣ ይህን ሰውዬ እንዴት ብዬ ነው የማየው?"

"ሩቅ ነው፤ አታይውም" አልኳት።

መልሱ መጣ። ሊድያ ለኮሚቴው በአማርኛ አነበበችው። ሰውዬው ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ስለ እሱ የጠየቀው ሰው ስለሌለ በጥያቄያችን በጣም ተደስቷል። ማኅተም ግን የለውም። ምናልባት የመጀመሪያው ሳይደርሳችሁ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ ጽሑፉን ደግሞ ልኮታል።

"ሁለት ጊዜ ላከው?" አሉ አንድ አባል።

"አዎ።"

"እውነተኛ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚልከው። ይህ የሚያጠራጥር ነው።"

ማሳሰቢያ ተጻፈለት። ሽማግሌው በሚያዝያ መለሰ። ደብዳቤያችንን ይዞ የከተማውን ጽሕፈት ቤት ጠይቋል። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሰጥታ አታውቅም። ነገር ግን ጡረተኛ ሁሉ በየዓመቱ በሕይወት ስለመኖሩ ምስክር ወረቀት ይወስዳል። የምችለው ይህን ነው ብላ ሰጥታዋለች። እሱም በፖስታ ላከልን። ጽሑፉንም ለሦስተኛ ጊዜ አያይዞታል።

ወረቀቱ የተከፈተው ኮሚቴው በተሟላበት ነው። ወይዘሮ አስናቀች ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት።

"ክብ ነው" አሉ።

አባላቱ ተነሡ። ተራ በተራ አዩት።

"ጠርዙም ሙሉ ነው። ቀለሙ አልፈሰሰም" አሉ ወይዘሮ አስናቀች፤ ድምፃቸው ላልቶ ነበር። "ማኅተም እንዲህ ነው የሚመታው።"

ወረቀቱ በዚያው ቀን በአዮን ስፐተሪንግ የጥናት ጽሑፎች መዝገብ አንደኛ ቁጥር ሆኖ ገባ። ጽሑፉን በተመለከተ ኮሚቴው ጥንቃቄ አድርጓል። ማኅተሙ ያረፈው ምስክር ወረቀቱ ላይ እንጂ ጽሑፉ ላይ ስላልሆነ ሦስቱም ቅጂ ለጠያቂዋ እንዲመለስ ወሰነ። በዚህ ዓይነት ተቋማችን ስለ አዮን ስፐተሪንግ የመጀመሪያውን ዕውቀት አገኘ። ዕውቀቱም አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ አለመሞቱ ነው።

"የኔ ምዕራፍ ሁለትስ?" አለች ሊድያ። ጽፋ ጨርሳው ነበር፤ እጇ ላይ ነው።

"ምዕራፍ ሁለት ያሉትን ጽሑፎች የሚመረምር ነው" አሉ አቶ ማሞ። "ጽሑፎች ስለመኖራቸው ገና ኮሚቴው ሪፖርት አላወጣም። ከሪፖርቱ በፊት ብናጸድቀው ያለ መሠረት ቤት መሥራት ነው።"

"ለግንቦት ሠላሳ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።"

"እሱ የላቦራቶሪው ቀን ነው። እኛ የራሳችን ቀን አለን።"

ወደ ዲኑ ሄደች። ምዕራፉን የምሸከምላት መስዬ አብሬ ገባሁ። ዶክተር ፋኑኤል ሰው በማዳመጥ የታወቁ ናቸው። ሁሉንም በጽሞና ሰሟት።

"ልክ ነሽ" አሉ። "መቶ በመቶ ልክ ነሽ።"

"እንግዲያ ይፈርሙልኝ ዶክተር።"

"ልክ መሆንሽ አንድ ነገር ነው። መፈረሜ ሌላ ነገር ነው። ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ፤ አጣሪ ኮሚቴ እናቋቁማለን።"

ወጣን። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሻንቶ ገበያ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ሸጣ እንዳስተማረቻት አውቃለሁ። እሷ ግን ይህን አላነሣችም። "ሦስት ሳምንት" አለች ብቻ፣ ተነሥታም ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሪፖርቱ ግንቦት ሃያ ስምንት ወጣ። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አርባው ፎቶ ነው፤ በአሥራ አንዱ ላይ ባነር ይዤ እታያለሁ። ሽፋኑ ላይ "አዮን ስፐተሪንግ" የሚል በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ የአቶ ማሞ ስም አለ። ማጠቃለያው እንዲህ ይላል፤ "ከፍተኛ ርብርብ ቢደረግም በጉዳዩ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ አልተገኘም። ኮሚቴው ቋሚ ሊሆን ይገባል።" ማኅተሙ በየገጹ ተመትቶበታል። በመዝገቡ ሁለተኛ ቁጥር ሆኖ ገባ።

ጽሑፍ አለመኖሩ በሪፖርት ስለተረጋገጠ የሊድያ ምዕራፍ ሁለት የሌለ ነገርን የሚመረምር ሆኖ ተገኘ። አልጸደቀም።

በማግስቱ ከላቦራቶሪው ደብዳቤ መጣ። ቀኑ መድረሱን ያስታውስና በአዮን ስፐተሪንግ ላይ የሚሠራውን ባለሙያችሁን ከጸደቀ ጽሑፉ ጋር ላኩልን ይላል። ዶክተር ፋኑኤል ወይዘሮ አስናቀችን ጠሩ።

"በመዝገባችን በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፈ ማን አለ?"

"ሁለት ነው ዶክተር። አንዱ ውጭ አገር ነው፤ በሕይወት አለ።"

"ሁለተኛው?"

"አቶ ማሞ።"

ዶክተር ፋኑኤል ወዲያውኑ ፈረሙ። ፊርማቸው ይህን ያህል ፈጣን መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሽኝት ተደረገ። አቶ ማሞ የወላይታ ባህል ልብስ ተደርቦላቸው በተቋሙ መኪና አጠገብ ቆሙ። ንግግር ካለቀ በኋላ ሊድያን ወደ ጥግ ወሰዷት። እኔ ሻንጣቸውን እየጫንኩ ነበር።

"ልጄ ሊድያ፣ ቅር እንዳይልሽ። ለተቋሙ ክብር ነው የምሄደው።"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"እዚያ ምናልባት የሚጠይቁኝ ነገር ካለ... ይህ ነገር ባጭሩ ምንድን ነው?"

ቦርሳዋን ከፈተች። አምስቱን ጽሑፍ አውጥታ ሰጠቻቸው። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር።

"መንገድ ላይ ያንብቡት። ዋናው ከላይ ያለው ነው።"

አቶ ማሞ የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ሁለተኛውንም አዩ። ሰብሰብ አድርገው መለሱላት።

"ማኅተም የለውም" አሉ። "እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ብገኝ መዋረዳችን ነው።"

ሪፖርታቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። መኪናው ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ሊድያ ታንከሩ አጠገብ ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ድምፁ ስለሚቆራረጥ ከፍ አድርጋ ነው የሰማችው። እኔም ሰማሁ።

"ሊድያ ነሽ? ፍሬዘር እባላለሁ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ መሣሪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ማመልከቻሽ ላይ ስልክሽን አገኘሁት። የላካችሁልን ሰውዬ ሙያቸው ምንድን ነው?"

"ዳይሬክተር ናቸው።"

"እሺ። የትኛውን ብረት እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው ጥያቄዬን በደብዳቤ እንዳቀርብ ነገሩኝ። ምዕራፍ ሁለትሽን ጽፈሽዋል?"

"ጽፌዋለሁ። አልጸደቀም።"

"ላኪልኝ።"

እዚያው ቆማ ላከችለት። ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"ሠንጠረዡ ሦስተኛ መስመር ላይ ያረምሽውን ቁጥር ማን ነገረሽ?"

"ጸሐፊው ራሱ።"

"እኛ ሁለት ዓመት በተሳሳተው ስንሠራ ነበር። ለምን እንደሚበላሽብን አሁን ገባኝ። ነይ።"

"ደብዳቤ የለኝም እኮ።"

"መሣሪያው ደብዳቤ አያነብም። ነይ።"

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ቦርሳዋን ያዝኩላት። ሚኒባስ ገብታ በመስኮት እጇን አወጣች፤ ጨበጥኳት። አሁን እዚያው እየሠራች ነው። ሰማንያ አንድ ዓመት ለሆነው ሽማግሌ ውጤቷን በየሳምንቱ ትልክለታለች አሉ፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ይመልስላታል።

አቶ ማሞ ተልእኳቸውን ከታሰበው ጊዜ ቀድመው አጠናቀው ተመለሱ። ከዚያ የላኩት ደብዳቤ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። እንዲህ ይላል፤ "መሣሪያውን በአካል ተመልክቻለሁ። ውስጡ አየር እንኳ የሌለው ፍጹም ባዶ መሆኑን ባለቤቶቹ ራሳቸው አምነውልኛል። ይህን ለሚያህል ዕቃ የወጣው ወጪ እንዲጣራ ሐሳብ አቅርቤ እመለሳለሁ።" ደብዳቤው በመዝገቡ ሦስተኛ ቁጥር ነው። አቶ ማሞም የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ተመድበዋል።

የሊድያ መጥፋት የታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ጉዳዩን ለዲኑ አቀረቡ።

"መሄጃ ደብዳቤ ወጥቶላታል?" አሉ ዶክተር ፋኑኤል።

"አልወጣላትም።"

"ማኅተም?"

"ምንም።"

"እንግዲያ አልሄደችም።"

እንዲህ ተብሎ ተመዘገበ። በመዝገባችን መሠረት ሊድያ ዛሬም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጽሑፍ እየጠበቀች ነው። ቋሚ ኮሚቴው ባለፈው ስብሰባው ትዕግሥቷን አመስግኖ ጥቂት እንድትታገሥ በደብዳቤ ጠይቋታል። ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ነው፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።